ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ሰው ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «መንገዱ ምን ያህል ይርቃል?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» የሚል ነው። በእግርና በበቅሎ ይኬድ በነበረበት ዘመን እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች እንደ አንድ ይቆጠሩ ነበር። «የሦስት ቀን መንገድ ነው» ከተባለ ርቀቱም ጊዜውም ባንድ ቃል ተነገረ ማለት ነው። በአይሮፕላን ዘመን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ርቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ መሄጃው 17 ሰዓት ያህል ፈጅቶ መመለሻው በ13 ሰዓት ያህል የሚያልቅበት መንገድ አለ። ከዚህም አልፎ በትኬቱ ላይ የተጻፈውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት አይቶ የሚያሰላ ሰው መሄጃው 10 ሰዓት፣ መመለሻው 20 ሰዓት ሆኖ ያገኘዋል። ይህም መንገድ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚወስደው ነው።

ይህን መንገድ የመረጥሁበት ምክንያት ግልጽ ነው። በአሜሪካ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን እጅግ ብዙዎቹ የሚገኙት በዋሽንግተንና በአካባቢው ስለ ሆነ፣ በክፍላችን ውስጥ እንኳ እዚያ ዘመድ የሌለው ተማሪ ጥቂት ነው። አንዱ አክስቱን፣ ሌላው ወንድሙን፣ ሌላዋ አባቷን ወደ አይሮፕላን ማረፊያ ሸኝታ ወይም ተቀብላ ታውቃለች። የሆነ ሆኖ መሄጃውና መመለሻው ለምን እንደማይተካከል ስንጠየቅ ብዙዎቻችን መልስ አጣን። ስለዚህ በጂኦግራፊና በፊዚክስ ትምህርት ያገኘሁትን አስተባብሬ፣ በመጀመሪያ ስለ ርቀቱ፣ ቀጥሎ ስለ አዲስ አበባ ከፍታ፣ ከዚያም ስለ ነፋሱ፣ በመጨረሻም ስለ ሰዓቱ እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

የቀድሞው መንገድ

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን አስቀድሞ አባቶቻችን እንዴት ይጓዙ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። በ1911 ዓ.ም. (1919 እ.ኤ.አ.) ደጃዝማች ናደው፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴና ከንቲባ ገብሩ ደስታ ያሉበት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ጓድ ወደ አሜሪካ ሄዶ ነበር። በዚያ ዘመን በአገራችን አይሮፕላን ስላልነበረ ወደ ውጭ አገር የሚደረገው ጉዞ የባቡርና የመርከብ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ጂቡቲ ያለው የባቡር ሐዲድ ብቻ 784 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ቀይ ባሕርን፣ የስዊዝን ቦይ፣ የሜዲትራኒያንን ባሕርና አትላንቲክን መሻገር ያስፈልጋል። ጉዞው በሰዓት ሳይሆን በሳምንት ይቈጠር ነበር።

አይሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. (1929 እ.ኤ.አ.) ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር መጨረሻ (ሚያዝያ 1946 እ.ኤ.አ.) በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን የመንገደኛ በረራ አደረገ። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የጄት አይሮፕላን ሥራ ጀመረ። የቀድሞው የልደታ አይሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያው ለጄት ስለማይበቃ የቦሌው ማረፊያ መሠራቱ ግድ ሆነ። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ ስለ መንደርደሪያ ርዝመት ስንነጋገር ይጠቅመናል።

ስለ ርቀቱ

የዓለምን ካርታ በግድግዳ ላይ ሰቅለን አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ብናገናኝ፣ መሥመሩ በሱዳን፣ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ ላይ አልፎ አትላንቲክን ይሻገራል። ስለዚህ አይሮፕላኑ በዚህ በኩል የሚሄድ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ምድር ድቡልቡል ስትሆን ካርታ ግን ዝርግ ወረቀት ነው። ብርቱካን ልጠን ልጣጩን በጠረጴዛ ላይ እንዘርጋ ብንል መቀደዱ ወይም መለጠጡ እንደማይቀር ሁሉ፣ ድቡልቡሉን ነገር በዝርግ ወረቀት ላይ ያሰፈረ ካርታም አንዱን ቦታ መለጠጡ፣ ሌላውን ማጣመሙ አይቀርም። ስለዚህ በካርታ ላይ ቀጥ ያለው መሥመር በምድር ላይ አጭሩ መንገድ አይደለም።

አጭሩን መንገድ ለማግኘት ቀላሉ ዘዴ ክር ነው። በትምህርት ቤታችን የጂኦግራፊ ክፍል ካለው የምድር ሉል ላይ አንድ ቀጭን ክር ወስጄ በመጀመሪያ የሉሉን ወገብ ዙሪያ ለካሁ፤ 94 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የምድር ዙሪያ በጠቅላላው 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በዚህ ሉል ላይ አንዱ ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የክሩን አንድ ጫፍ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በዋሽንግተን ላይ አድርጌ እስኪወጠር ድረስ ሳብሁት። ክሩ ራሱ አጭሩን መንገድ ፈልጎ ያዘ፤ ርዝመቱም 27 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህን በ425 ስናበዛው 11,560 ኪሎ ሜትር እናገኛለን።

ክሩ እውነት መናገሩን ለማወቅ በሒሳብም ፈተንሁት። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ አካባቢ ይገኛል። ከዋሽንግተን ከተማ በስተ ምዕራብ በቨርጂኒያ ግዛት ያለው የደለስ አይሮፕላን ማረፊያ ደግሞ በሰሜን ኬክሮስ 39፣ በምዕራብ ኬንትሮስ 77 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው። በሳይንና በኮሳይን አስልቶ ከምድር እምብርት ወደ ሁለቱ ቦታዎች የሚወጡት መሥመሮች የሚሠሩትን ማዕዘን ማግኘት ይቻላል፤ እርሱም 104 ዲግሪ ያህል ነው። በምድር ገጽ ላይ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፣ ሁለቱን ብናበዛ ከክሩ ጋር የሚስማማ ቍጥር ይወጣል። ስለዚህ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ የሰማይ መንገድ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብለን መናገር እንችላለን። በካርታው ላይ በማስመሪያ የተሠመረውን መንገድ ተከትለን ብንሄድ ግን 12,090 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆንብናል። ማስመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ከሚበልጥ ትርፍ መንገድ ያስኬደናል ማለት ነው።

የተወጠረው ክር የሚያልፍበት ቦታ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ከአዲስ አበባ ሲነሣ በምዕራብና በሰሜን መካከል እኩል ወደ ሰሜን ምዕራብ ይመራል። በሰሜን ሱዳን፣ በሊቢያ፣ በደቡብ ቱኒዝያና በአልጄሪያ ላይ አልፎ፣ የሜዲትራኒያንን ባሕር ተሻግሮ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ ወደ አትላንቲክ ይገባል። በአትላንቲክ መካከል እስከ 45ኛው ዲግሪ ድረስ ወደ ሰሜን ከወጣ በኋላ እንደ ገና ወደ ደቡብ እየወረደ ዋሽንግተን ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ሰው «ወደ አሜሪካ ስሄድ በአውሮፓ በኩል አዞሩኝ» ቢል አልዞረም፤ አውሮፓ በቀጥታው መንገድ ላይ ናት።

ስለ አዲስ አበባ ከፍታ

ከዋሽንግተን የሚነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን በመካከል ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። ከአዲስ አበባ የሚነሣው ግን በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ማረፊያውም በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜም ሆኖ ያውቃል። አይሮፕላኑ ያው፣ ርቀቱም ያው ሆኖ ሳለ ስለምን ይህ ልዩነት መጣ?

መልሱ ከእግራችን በታች ነው። ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ100 ሜትር ያነሰ ከፍታ ላይ ሲገኝ ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ እየሳሳ እንደሚሄድ በፊዚክስ ተምረናል። በቦሌ ከፍታ አንድ ሜትር ኩብ አየር የሚመዝነው በባሕር ዳርቻ ካለው አየር አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አይሮፕላንም እንደዚሁ ነው።

አይሮፕላን የሚያነሣው በክንፉ ላይና ታች የሚያልፈው አየር ነው። አየሩ ከሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል። ለምሳሌ በባሕር ዳርቻ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ተንደርድሮ የሚነሣ አይሮፕላን፣ በአዲስ አበባ ያንኑ ጭነት ይዞ ለመነሣት 314 ኪሎ ሜትር ያህል መንደርደር አለበት። በዚያም ላይ ሞተሩ ራሱ የሚሠራው አየር ስቦ ነውና በሳሳ አየር ጕልበቱ ይቀንሳል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ፍጥነት በዛ፣ የሚገፋው ጕልበት ግን አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ረጅም መንደርደሪያ ያሻል። የቦሌው ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ሲሆን፣ ይህም ሁሉ ርዝመት ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ለጫነ ታላቅ አይሮፕላን አይበቃም። የጎማዎቹ ፍጥነትም ከተወሰነ ልክ ማለፍ የለበትም።

ነዳጅ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ በ2004 ዓ.ም. (2012 እ.ኤ.አ.) የተረከበው ቦይንግ 787-8፣ ሲነሣ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት 228,000 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ታንከሮቹ ሲሞሉ የሚይዙት ነዳጅ ብቻውን 100,000 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 44 እጁ ነዳጅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ ከአዲስ አበባ የሚነሣ አይሮፕላን ክብደት መቀነስ ካለበት፣ ወይ ሰውና ሻንጣ ይተዋል ወይ ነዳጅ ይቀንሳል። አየር መንገድ የሚኖረው በመንገደኛ ነውና፣ የሚቀነሰው ነዳጁ ይሆንና በመንገድ ላይ ይሞላል። ሮምም ደብሊንም ሎሜም ለባሕር ጠለል የቀረቡ ስለ ሆኑ ከዚያ ሞልቶ ለመነሣት ችግር የለም።

በመንገድ ላይ ማረፍ ርቀቱን ምን ያህል ይጨምራል? በሮም በኩል 4,480 እና 7,230 ኪሎ ሜትር፣ በድምሩ 11,710 ይሆናል። በደብሊን በኩል 6,370 እና 5,460፣ በድምሩ 11,830 ይሆናል። ከቀጥታው መንገድ ጋር ብናስተያየው በሮም 150፣ በደብሊን 270 ኪሎ ሜትር ብቻ ጨመረ። በካርታ ላይ ደብሊን እጅግ ወደ ሰሜን የራቀች ስትመስል፣ በሉሉ ላይ ግን ከመንገዱ ብዙም አትርቅም። በሎሜ በኩል ግን 4,150 እና 8,600፣ በድምሩ 12,750 ስለሚሆን ትርፉ 1,190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በካርታ ላይ ለመንገዱ የቀረበች የምትመስለው ሎሜ ከሁሉ ይልቅ ታርቃለች። ስለዚህ በሮም ወይም በደብሊን ማረፍ ጊዜ የሚያስረዝመው በርቀት ሳይሆን፣ ለመውረድ፣ ነዳጅ ለመቅዳትና እንደ ገና ለመውጣት በሚጠፋው ሰዓት ነው።

ስለ ነፋሱ

አንዳንድ ጓደኞቼ «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አይሮፕላን አሜሪካ ወደ እርሱ እየመጣችለት ቶሎ መድረስ ነበረበት» ይላሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ግን አንድ ነገር ተረስቷል። ምድር ስትዞር አየሩንም ይዛ ትዞራለች። አዲስ አበባ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ስትሄድ በላይዋ ያለው አየርም፣ በመንደርደሪያው ላይ የቆመው አይሮፕላንም አብረው ይሄዳሉ። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ሳንቲም ወደ ላይ የሚወረውር ልጅ ሳንቲሙን በእጁ ይቀልበዋል እንጂ ሳንቲሙ ወደ ኋላ ወንበር አይወድቅም። አይሮፕላኑም እንደ ሳንቲሙ ነው።

ይሁን እንጂ አየሩ ከምድር ጋር ከመዞሩ በላይ የራሱ የሆነ እንቅስቃሴ አለው። ከምድር ወገብ ርቀን ወደ ሰሜን ስንሄድ፣ ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ ይገኛል። የዚህም ምክንያት በምድር ወገብ አካባቢ ያለው አየር ሞቃት፣ በዋልታው በኩል ያለው ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ሁለቱን ለማመጣጠን ወደ ሰሜን የሚጓዘው አየር በምድር መዞር ምክንያት ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። ይህ ነፋስ በክረምታቸው ወራት እጅግ ይበረታል፤ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበትም ጊዜ አለ። መንገዳችን በአትላንቲክ ላይ እስከ 45ኛው ዲግሪ ስለሚወጣ ከዚህ ነፋስ አያመልጥም።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አይሮፕላኑ በአየር ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይበራል እንበል። በመንገዱ ሁሉ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር የሆነ ነፋስ ከፊቱ ቢገጥመው፣ በምድር ላይ ሲለካ የሚጓዘው 850 ብቻ ይሆናል። 11,560ን ለ850 ብናካፍል 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ እናገኛለን። ያው ነፋስ በመመለሻው ከኋላው ሲገፋው ግን 950 ይጓዛልና በ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይደርሳል። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ነው። ለዚህም ነው አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የነፋሱን ካርታ የሚመለከቱት። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ ነፋሱን ይፈልጉታል፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደግሞ ይሸሹታል። አንዳንድ ጊዜ ረጅሙ መንገድ ከአጭሩ መንገድ ቀድሞ ያደርሳል።

ለመመለሻው መንገድ በታሪክ የሚጠቀስ አንድ በረራ አለ። በ1976 ዓ.ም. (1984 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የገዛው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ በመካከል ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አዲስ አበባ ገባ። የበረረውም ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ ሁለት ሞተር ላለው አይሮፕላን ከፍተኛው ርቀት ሆኖ ተመዘገበ። ከዝቅተኛ ቦታ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሣቱና የምዕራቡ ነፋስ ይህን ጕዞ እንደረዱት ከዚህ በላይ ካልነው መረዳት ይቻላል።

ስለ ሰዓቱ

እስካሁን የተናገርነው እውነተኛውን የበረራ ጊዜ ነው። ሰውን ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግረው ግን የእጅ ሰዓቱ ነው። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ስለምትዞር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በኬንትሮስ 116 ዲግሪ ያህል ስለሚራራቁ ፀሐይ በአዲስ አበባ ከወጣች በኋላ ዋሽንግተን ላይ የምትወጣው ብዙ ሰዓት ዘግይታ ነው። በመንግሥታቱ አቆጣጠር በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ ሰዓታቸውን አንድ ወደ ፊት ስለሚገፉ 7 ሰዓት እንቀድማቸዋለን። በትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። በዚያም ላይ የእኛ ሰዓት ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሲቈጠር ትኬቱ ከእኩለ ሌሊት ስለሚቈጥር ሌላ የ6 ሰዓት ስሌት ይጨመራል።

ይህ ስሌት ቀልድ እንዳልሆነ የተረዳሁት አያቴ ባለፈው ሐምሌ ዋሽንግተን ወዳለችው ልጃቸው ዘንድ ለመሄድ በተዘጋጁ ጊዜ ነው። አያቴ የደም ግፊት ስላለባቸው ከጧቱ 3 ሰዓትና ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ማለት በየ12 ሰዓቱ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አላቸው። በትኬቱ ላይ መነሻው ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ መድረሻው በማግሥቱ ከጧቱ 2 ሰዓት ይላል። አክስቴ አይታው «እማዬ፣ አሥር ሰዓት ብቻ እኮ ነው! የማታውን እዚህ ዋጥ አድርገው ይነሡ፤ የጧቱን እዚያ ደርሰው በ3 ሰዓት ይወስዱታል» አለች። አያቴም «አሥር ሰዓትማ ጎንደር በመኪና ከመሄድ አይብስ» ብለው ደስ አላቸው።

እኔ ግን ወረቀትና እርሳስ አምጥቼ አሰላሁላቸው። መድረሻው ከጧቱ 2 ሰዓት የተባለው በዋሽንግተን ሰዓት ነው። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ 7 ሰዓት ቀድማ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆናለች። ከምሽቱ 4 እስከ ማግሥቱ ከቀኑ 9 ድረስ 17 ሰዓት ነው። የማታውን መድኃኒት በ3 ሰዓት ወስደው የጧቱን በዋሽንግተን 3 ሰዓት ቢወስዱ፣ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው 12 ሳይሆን 19 ሰዓት ይሆናል። አያቴ ወረቀቱን አዩና «ታዲያ በሰማይ ላይ ነዋ የምውጠው» አሉ። በማግሥቱ ወረቀቱን ይዘን ወደ ሐኪማቸው ሄድን። ሐኪሙም ስሌቱን ተመልክቶ «እማማ፣ እዚያ እስኪደርሱ ድረስ የእጅ ሰዓትዎን አይንኩት፤ በአዲስ አበባ 3 ሰዓት ሲል አይሮፕላን ውስጥ ይውሰዱ» አላቸው። ከደረሱም በኋላ ወደ አዲሱ ሰዓት ቀስ በቀስ የሚሻገሩበትን መንገድ ጽፎ ሰጣቸው። አያቴ እንደ ታዘዙት የጧቱን መድኃኒት አትላንቲክ ላይ ወሰዱ፤ በደኅናም ደረሱ።

መመለሻው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ለምሳሌ ከዋሽንግተን ከጧቱ 5 ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ ከጧቱ 1 ሰዓት አዲስ አበባ የሚገባ አይሮፕላን በትኬቱ ላይ ሲቈጠር 20 ሰዓት የበረረ ይመስላል። ከዚህ ላይ የ7 ሰዓቱን ልዩነት ስንቀንስ እውነተኛው ጊዜ 13 ሰዓት ነው። እንግዲህ በመሄጃው 10 ላይ 7 ጨመርን፤ በመመለሻው ከ20 ላይ 7 ቀነስን። የትኬቱን ብንደምር 10 እና 20፣ 30 ይሆናል። እውነተኛውንም ብንደምር 17 እና 13፣ ያው 30 ነው። ሰዓቱ በመሄጃው የሰጠንን በመመለሻው ይወስድብናል። ከዚህ የምንማረው ሕግ አጭር ነው፤ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ የሰዓቱን ልዩነት ጨምሩ፣ ወደ ምሥራቅ ሲመጡ ቀንሱ።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለው ርቀት በመሄድም በመምጣትም 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አይለወጥም። የሚለወጠው ጊዜው ሲሆን ምክንያቱም ሦስት ነው። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች አይሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅ ይዞ አይነሣምና በመንገድ ማረፍ አለበት። ሁለተኛ፣ የምዕራቡ ነፋስ ሂያጁን ይቃወማል፣ ተመላሹን ይረዳል። ሦስተኛ፣ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት የተለያየ ስለ ሆነ ትኬቱ መሄጃውን አሳጥሮ፣ መመለሻውን አስረዝሞ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጊዜውን በእውነት ይለውጣሉ፤ ሦስተኛው ግን የሚለውጠው አቈጣጠሩን ብቻ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ ነው ዋናው ቁም ነገር።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ዘመድ በምትሸኙበትና በምትቀበሉበት ጊዜ፣ ይልቁንም መንገደኛው በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለው እንደ ሆነ፣ ስሌቱን ለልጆቻችሁ ስጧቸው፤ ውጤቱን ግን ለሐኪም አሳዩት። ተማሪዎች ጓደኞቼም በሉልና በክር የሚሠራው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ኢየሩሳሌም፣ ዱባይ ወይም ሮም ዘመድ ያለው ሁሉ ክሩን ወጥሮ ርቀቱን ይለካ፤ የከተሞቹን ከፍታ ይመልከት፤ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ይጠይቅ፤ የሰዓቱንም ልዩነት ያስላ። ይህን ያደረገ ተማሪ «ስንት ሰዓት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «ከየት ወደ የት? በማን ሰዓት?» ብሎ መልሶ ለመጠየቅ ይችላል፤ ቀጥሎም ትክክለኛውን መልስ ይሰጣል።